ቀዩን ጽሑፍ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ

ልጅ «ኮምፒዩተር ሳይንስ ደረሰኝ» ሲል ቤት ደስታ ይሆናል። ጎረቤት ይሰማል፣ ዘመድ ይደውላል፣ ፍየል ተሽጦም ሆነ የማር ገንዘብ ተጠራቅሞ ላፕቶፕ ይገዛል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን የልጁ የስልክ ድምፅ ይቀየራል። «ይኼ ትምህርት ለእኔ አይሆንም፤ ሌላ ዲፓርትመንት ልጠይቅ ነው» ይላል። ምን ሆንክ ሲባል መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «ኤረር»።

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ሲደርስ «በርታ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ከዚያ በላይ ምን ይበል? ኮምፒዩተር አያውቅ፣ እንግሊዝኛው ሩቅ ነው። እኔ ደግሞ ለዓመታት ጀማሪዎችን ፕሮግራም ሳስተምር ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ አባት ወይም አያት፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ከጠየቀ፣ ከብዙ ጓደኛ የተሻለ ይረዳል። ስለዚህ ዛሬ ጃቫ የሚማሩ ጀማሪዎችን በብዛት ከሚያስጨንቁ ስሕተቶች ሁለቱን፣ ኮምፒዩተር ለማያውቅ በሚገባ ቋንቋ ላስረዳ።

ጃቫ ማለት ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ፣ በጄምስ ጎስሊንግ በሚመራ ቡድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ቀረበ። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል ገዛው። ጃቫ ዛሬም በብዙ ድርጅቶች ሥራ ላይ ያለ፣ በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ ቋንቋ ነው።

የእህቴ ልጅ ሰቆጣ ተወልዳ ያደገች ናት። ከአያቷ ጋር ኽምጣና ታወራለች፣ ከጓደኞቿ ጋር አማርኛ፤ ኮምፒዩተሩ የሚቆጣት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ስትደርስ ጃቫ ጀመረች። ለልምምድ የመረጠችው ሥራ አገሯን የሚያስታውስ ነበር፦ የሕፃናትን ስምና ቁመት የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም። አንባቢዎቼ እንደምታውቁት፣ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ቃል የገባበት ሰነድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ልጅቷ ያደገችው የሕፃናት ቁመት ሲለካ እያየች ነው።

አምስት ሕፃናትን መዘገበች። ፕሮግራሙን ስታስነሳው አምስቱንም ስም አወጣ፤ ወዲያው ቆመና ቀይ ጽሑፍ ተፋ። በዚያ ምሽት ወደ ሰቆጣ ደወለች፣ አያቷ ጋ። አያቷ ማለት አባቴ ናቸው፤ የደብር መሪጌታ ናቸው፣ ኮምፒዩተርን በሩቁ ነው የሚያውቁት። እኔም ለዓመት በዓል ሰቆጣ ስለነበርኩ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁ።

«አባባ፣ ይኼ ነገር አልገባኝም፤ ልተወው ነው» አለች።

«ምን አለሽ?»

«ኤረር አለኝ።»

«እሱንማ ነገርሽኝ። ምን ብሎ ነው የተቆጣሽ? ቀዩን ጽሑፍ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

አነበበችው። «ኢንዴክስ 5 አውት ኦፍ ባውንድስ ፎር ሌንግዝ 5» ይላል። አባቴ ወደ እኔ ዘወር ሲሉ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፦ የቦታ ቁጥር 5፣ ርዝመቱ 5 ከሆነው ዝርዝር ወሰን ውጭ ነው።

«አምስት ሆነው አምስተኛው እንዴት ከወሰን ውጭ ይሆናል?» አሉ። ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ጀማሪውን ሁሉ የሚያደናግረውም ይኸው ነው።

መልሱ፣ ኮምፒዩተር የዝርዝርን ቦታ መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው። የመጀመሪያው ሕፃን ያለበት ቦታ ቁጥር 0፣ የሁለተኛው 1፣ የአምስተኛው 4 ነው። ቁጥሩ የሚለካው ከመነሻው ያለውን ርቀት ነውና የመጀመሪያው ከመነሻው ምንም አልራቀም። ከተማ ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች ይህንን በየቀኑ ታዩታላችሁ። «ጂ ፕላስ 4» የሚባለው ሕንፃ ወለሎቹ አምስት ናቸው፤ ሊፍቱ ውስጥ ገብታችሁ 5 ቁጥርን ብትፈልጉ ግን አታገኙትም።

አባቴን ያሳመናቸው ግን የሕንፃው ምሳሌ አልነበረም። ገና «ከ0 ይጀምራል» ስል ፈገግ አሉና «ወንበር ነዋ!» አሉ።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ወዲያው ይገባዋል፤ ላልተማረው ላብራራ። የዘመኑን በዓላትና አጽዋማት ለማውጣት መጀመሪያ ዓመተ ዓለሙ ይያዛል፤ በ19 ይገደፋል፤ የቀረው መደብ ይባላል። ከመደቡ ላይ 1 ይቀነሳል፣ የተያዘው ዓመት ገና አልተፈጸመምና። ቀሪው ወንበር ነው። የ2018 ዓ.ም.ን ብንወስድ፣ 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። በ2006 ዓ.ም. ግን መደቡ 1 ስለነበር፣ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ አልቦ፣ ማለትም 0 ሆነ። ያለ ትርፍ ሲያልቅ ደግሞ፣ እንደ 2005 ዓ.ም.፣ ወንበሩ 18 ነው። ስለዚህ የወንበሩ ዑደት 19 ዓመት ቢሆንም ቁጥሩ ከ0 እስከ 18 ነው የሚሄደው። 19 የሚባል ወንበር የለም።

«ልጄ፣ አንዱን አልቀነስሽም» አሏት በስልኩ። «አምስት ከሆኑ መጨረሻው አራት ነው። አምስት ብለሽ የጠራሽው ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ ሳቅ ተሰማ። ፕሮግራሟ ውስጥ ዝርዝሩን የሚዞረው ትእዛዝ «ከ0 ጀምር፤ ቁጥሩ ከርዝመቱ እስካነሰ ወይም እስከተካከለ ድረስ ቀጥል» ይል ነበር። «እስከተካከለ» የምትለውን ምልክት አጠፋች። አንድ ምልክት ብቻ። ፕሮግራሙ አምስቱን ስሞች አወጣና በሰላም ጨረሰ።

ይህ ስሕተት ሁለት ወንድሞች አሉት፤ ቤተሰብ ቢያውቃቸው ጥሩ ነው። ቀዩ ጽሑፍ «ኢንዴክስ 0፣ ሌንግዝ 0» ካለ ዝርዝሩ ባዶ ነው ማለት ነው። ከባዶ ጎተራ እህል እንደ መቅዳት ነው። ስለዚህ ችግሩ የአቀዳዱ ሳይሆን የአሞላሉ ነው፤ መዝገቡ ከፋይል መነበቡን ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ነው። ቁጥሩ ከ0 በታች፣ ማለትም «ማይነስ 1» ከሆነ ደግሞ፣ ልጁ አንድን ስም ዝርዝሩ ውስጥ ፈልግ ብሎ ጠይቆ ይሆናል። ጃቫ ስሙን ሲያጣው «የለም» ለማለት የሚመልሰው ማይነስ 1 ነው። ልጁ መልሱን ሳያይ «በዚህ ቦታ ያለውን አምጣ» ካለ ፕሮግራሙ ይቆማል። መፍትሔው መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ወደ ልጃችን እንመለስ። የመጀመሪያው ችግር በተፈታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደገና ደወለች። አሁን ቀይ ጽሑፍ የለም፤ ግን የወጣው ነገር ጉድ ነው። ስም ብቻ ከማውጣት ይልቅ ሕፃኑን ሙሉውን፣ ስሙንም ቁመቱንም በአንድ ትእዛዝ እንዲያወጣላት «ሕፃኑን አትም» ብላ አዘዘችው። ኮምፒዩተሩ «ቻይልድ» ብሎ ጻፈ፤ አጠገቡ ኢሜይል አድራሻ ላይ የምናየውን @ ምልክት አስቀመጠ፤ ከዚያ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል የተቀላቀለበት ምስጢር የሚመስል ነገር ደረደረ። አምስቱንም ሕፃናት እንዲሁ። «ኮምፒዩተሬ ቫይረስ ገባው መሰለኝ» አለች።

ቫይረስ አይደለም። በጃቫ ስምን፣ ዕድሜንና ቁመትን አንድ ላይ ይዞ የተሠራ ነገር ኦብጀክት ይባላል። ኦብጀክቱ የተሠራበት ንድፍ ደግሞ ክላስ ነው። የእሷ ክላስ ስሙ «ቻይልድ» ነበር። ኮምፒዩተሩ ኦብጀክትን አትም ሲባል የትኛውን መረጃ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጽፍ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን ሁለት ነገር ይጽፋል፦ የክላሱን ስምና ለዚያ ኦብጀክት የተሰጠውን መለያ ቁጥር። ፊደል የተቀላቀለበት፣ ቁጥሩ የሚጻፈው በ16 መደብ ስለሆነ ነው፤ ከ9 በኋላ ላሉት ስድስት አሐዞች የመጀመሪያዎቹ ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያገለግላሉ።

ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የተሰለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። ካርድ አውጪው ሕመማችሁን አያውቅም፤ የሚያውቀው የካርድ ቁጥራችሁን ነው። በቁጥሩ ይጠራችኋል። ቁጥሩ የእናንተ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለ እናንተ ግን ምንም አይናገርም። ልጅቷ ያየችውም የሕፃናቱን የካርድ ቁጥር ነው። ስማቸውና ቁመታቸው አልጠፋም፤ እዚያው ውስጥ አለ።

መፍትሔው ክላሱ ውስጥ «ቱ ስትሪንግ» የምትባል አጭር ትእዛዝ መጻፍ ነው። ትርጉሟ «ማነህ ስትባል እንዲህ ብለህ መልስ» ማለት ነው። በእኛ አገር መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ ሲጠየቅ «የእገሌ ልጅ ነኝ፣ አገሬ እዚህ ነው፣ የመጣሁት ለዚህ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህን ከቤቱ ተምሮት ነው የወጣው። ኦብጀክትም እንዲሁ ካልተማረ አይመልስም። «ስሜን ጻፍ፣ ቀጥለህ ቁመቴን ጻፍ» የሚል አንድ መስመር ሲጨመርለት፣ ከዚያ በኋላ በተጠራ ቁጥር በስሙ ይመልሳል።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን ቀን ሙሉ የሚያስቀምጡ ሦስት ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ልጃችሁ «ጻፍኩት፤ ግን አሁንም ያው ነው» ካለ እነዚህን ይይ።

አንደኛ፣ የትእዛዟ ስም ውስጥ ያለችው «ኤስ» በትልቁ ፊደል መጻፍ አለባት። በትንሹ ከተጻፈች ጃቫ ሌላ ትእዛዝ ናት ብሎ ያልፋታል፣ ምንም ሳይናገር። ለዚህ መድኃኒቱ ከትእዛዟ በላይ «ኦቨርራይድ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው። ያኔ ስሙ ቢሳሳት ጃቫ ራሱ ፕሮግራሙን ሳያስነሳ ይነግረዋል።

ሁለተኛ፣ ትእዛዟ ጽሑፉን መመለስ አለባት እንጂ እዚያው ማተም የለባትም። መልእክተኛ ደብዳቤውን ለላከው ይዞ ይመለሳል፤ መንገድ ላይ አያነበውም።

ሦስተኛ፣ ሊስት ማለትም ዝርዝሩ ራሱን ማስተዋወቅ ይችልበታል፤ ውስጡ ያሉትን በተራ ያስጠራቸዋል። እነሱ ካልተማሩ ግን ዝርዝሩ አምስት የካርድ ቁጥር ይደረድራል። «አሬይ» የሚባለው ተራው ድርድር ደግሞ እንዲህ ያለ ችሎታ የለውም፤ እሱን ለማተም «አሬይስ» ከሚባለው የጃቫ መሣሪያ ውስጥ ያለውን «ቱ ስትሪንግ» መጥራት ያስፈልጋል።

እስካሁን ያወራነው ስለሚታይ ስሕተት ነው። ለወላጆችና ለአያቶች በዋናነት ልነግር የፈለግሁት ግን ስለማይታየው ነው።

ልጅቷ የመጀመሪያውን ስሕተት ስታርም በግምት «ከ0 ጀምር» የሚለውን «ከ1 ጀምር» ብላ፣ መጨረሻውንም ቆርጣ ቢሆን ኖሮ፣ ቀይ ጽሑፍ አይመጣም ነበር። ፕሮግራሙ በሰላም ተነሥቶ በሰላም ይጨርሳል። የሚያወጣው ግን አራት ሕፃናትን ነው። የመጀመሪያው፣ በ0 ቦታ የተቀመጠው፣ የለም። ማንም አይጮኽለትም።

ሌላም አለ። ከዝርዝር ላይ ስም የሚሰርዝ ፕሮግራም ከፊት ወደ ኋላ እየቆጠረ ሲሰርዝ ሰው ይዘላል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ሁለተኛው ሰው ቢወጣ ሦስተኛው ወደ ሁለተኛ ቦታ ይጠጋል። ቆጣሪው ግን ሁለተኛውን ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ሦስተኛ ቦታ ያልፋል። የተጠጋው ሰው ሳይታይ ቀረ። መፍትሔው ከኋላ ወደ ፊት እየቆጠሩ መሰረዝ ነው፤ ያኔ የሚጠጉት የታዩት ብቻ ናቸው።

ዋግ ኽምራ ውስጥ የስም ዝርዝር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ድርቅን የሚያውቅ አገር ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም ገብቶበታል። ስንዴ ሲታደል፣ ገንዘብ ሲከፈል፣ ሕፃን ሲለካ ሥራው የሚጀምረው ከዝርዝር ነው። ስሙ የተዘለለ ሰው ጆንያውን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛሬ በልምምድ አምስት ሕፃናትን የምትመዘግብ ተማሪ ነገ የብዙ ሺህ አባወራ ዝርዝር የሚይዝ ፕሮግራም ልትጽፍ ትችላለች። ያኔ ከ0 ወይስ ከ1 የሚለው ጥያቄ የአንድ ቤት እህል ነው።

ስለዚህ ቀዩ ጽሑፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ልጁ ሰነፍ ነው የሚል ፍርድም አይደለም። የት መስመር ላይ፣ ስንት ቁጥር፣ ከስንት ርዝመት ብሎ የሚመሰክር ምስክር ነው። የሚያሳስበው ልጆች ምስክሩን ዝም ለማሰኘት የሚማሩት ዘዴ ነው። ጃቫ ውስጥ «ትራይ ካች» የሚባል፣ ስሕተት ሲመጣ ተቀብሎ ተገቢውን እርምጃ ለመውሰድ የተሠራ መንገድ አለ። ጀማሪዎች አንዳንዴ ውስጡን ባዶ ትተው ቀዩን ጽሑፍ ለማጥፋት ብቻ ይጠቀሙበታል። ጽሑፉ ይጠፋል፤ ስሕተቱ ግን አለ። ጢስ ሲያስቸግር መስኮቱን ዘግቶ እሳቱን እንደ መተው ነው።

እንግዲህ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ «ኤረር አለኝ» ብሎ ሲደውል የምትጠይቁት ይኸው።

በመጀመሪያ «ጮክ ብለህ አንብብልኝ» በሉ። ባይገባችሁም ግድ የለም። ብዙ ተማሪ ቀይ ሲያይ ሳያነብ ይደነግጣል፤ ጮክ ብሎ ሲያነብ ግማሹ ይገባዋል። ቀጥሎ «በአማርኛ ምን ማለት ነው?» በሉ፤ ኽምጣናም ከሆነ ቋንቋችሁ በኽምጣና ይንገራችሁ። «ኢንዴክስ» የቦታ ቁጥር፣ «ሌንግዝ» ርዝመት፣ «አውት ኦፍ ባውንድስ» ከወሰን ውጭ ማለት ነው።

ከዚያ «ስንት ናቸው? ስንተኛውን ጠራህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ ቁጥሮች ቀዩ ጽሑፍ ላይ አሉ። ቀጥሎ «አንተ ከጻፍከው ውስጥ በስንተኛው መስመር ነው ይላል?» በሉ። ከጽሑፉ ሥር የሚደረደሩት መስመሮች ብዙዎቹ የጃቫ የራሱ ናቸው። ልጁ የሚፈልገው የራሱን ፋይል ስምና አጠገቡ ያለውን ቁጥር ነው።

የወጣው ነገር @ ያለበት ምስጢር ከሆነ «ራሱን እንዲያስተዋውቅ አስተምረኸዋል?» በሉ። ሁሉም ነገር ሰላም ነው ሲላችሁ ደግሞ «የመጀመሪያው ወጥቷል? የመጨረሻውስ? ቁጥራቸው ሞልቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ያልጮኸውን ስሕተት የምትይዘው እሷ ናትና።

መብራት ከጠፋ ወይም ላፕቶፑ ከተበላሸ በደብተር ይሠራል። አምስት ሳጥን ይሣል፣ ከሥሩ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይጻፍ፣ ትእዛዙ እየተነበበ ጣት ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሂድ። ጣቱ ከሳጥኖቹ ውጭ ከወጣ ስሕተቱ ተገኘ። የመጀመሪያውን ሳጥን ሳይነካ ከጀመረም እንዲሁ። ታናሽ እኅት ወይም ወንድም ጣቱን ቢያንቀሳቅስ ደግሞ እሱም ተማረ ማለት ነው።

የማይባለው «የእገሌ ልጅ እንዴት ቻለው?» ነው። የእገሌ ልጅም ይህንኑ ቀይ ጽሑፍ አይቷል፤ ሃያ ዓመት የሠራ ባለሙያም ያየዋል።

ነሐሴ ላይ ልጆች ለሻደይ ወደ ሰቆጣ ሲገቡ፣ ከጨዋታው መልስ አንድ ምሽት ላፕቶፑን አስከፍቷቸውና የሠሩትን ያሳዩአችሁ። ስማችሁን በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ አስገቡና ፕሮግራሙ ይጥራችሁ እንደሆነ እዩ።

ቸር ሰንብቱ።